ከደጁ በፊት ያለው ደጅ

የቴአትሩ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ከተለጠፈ ጥቂት ሰዓታት ሆኖታል። ቀይ መደብ፣ ወርቅማ ፊደል፣ መሀሉ ላይ የሁለት ተዋንያን ፊት፤ ከግርጌው ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹና የመግቢያው ዋጋ። የሚያይ ሰው ባንድ አፍታ ሁሉን ለቅሞ ያልፋል። ያንኑ ቻናል የሚከታተል ዓይነ ስውር ወጣት ጣቱን መልእክቱ ላይ ሲያሳርፍ ግን ስልኩ የሚነግረው «ፎቶ» ብሎ ብቻ ነው። ቴአትሩ ምን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደሚታይ፣ ስንት እንደሚያስከፍል አንድም ነገር አይሰማም። ቀጣዩን መልእክት ይነካል፤ «ፎቶ»። የሚከተለውንም ይነካል፤ «ፎቶ»።

ኪነ ጥበብ ቤቶች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ይሁኑ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ደረጃና ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ደረጃው እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን ተመልካቹ ደረጃው ሥር ከመድረሱ በፊት ዝግጅቱ መኖሩን መስማት፣ ትኬት መቁረጥ፣ አዳራሹ የት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ዛሬ ይህ ሁሉ የሚሆነው ስልክ ላይ ነው። የመጀመሪያው ደጅ እዚያ ነው፤ እሱ ከተዘጋ የሁለተኛው መከፈት ለዚያ ሰው ምንም አይፈይድለትም።

ይህን ደጅ ችሎት ፊት ካቀረቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ብሩስ ማጓየር ነው። ማጓየር አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ሲሆን ኮምፒውተር የሚጠቀመው በብሬይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የሲድኒ ኦሊምፒክ እየተቃረበ ሲመጣ እንደማንኛውም የአገሩ ሰው ትኬት ለመግዛት ፈለገ። የትኬት መጽሐፉ በብሬይል አልተዘጋጀም። የአዘጋጅ ኮሚቴው ድረ ገጽ ደግሞ በምስሎች የተሞላ ነበር፤ ምስሎቹ ምን እንደሚያሳዩ የሚናገር ጽሑፍ ግን ከሥራቸው አልነበረም። ማጓየር ለአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤት አለ።

ኮሚቴው ገጹን ማስተካከል ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ያስወጣል፣ ለአንድ ሠራተኛም ከዓመት በላይ ይፈጃል ብሎ ተከራከረ። ለአቤቱታ አቅራቢው የቀረቡት ባለሙያዎች በበኩላቸው ሥራው የሳምንታት ጉዳይ መሆኑን አስረዱ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000፣ ጨዋታዎቹ ሊጀመሩ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ኮሚሽኑ ማጓየር አድልዎ ተፈጽሞበታል ሲል ወሰነ። ኮሚቴው ትእዛዙን በከፊል ብቻ በመፈጸሙም 20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ እንዲከፍል ተደረገ። የወጪው ክርክር ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተደጋግሟል። የሚደጋገመው ሁልጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ገጹ ገና ሲሠራ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የሚጠይቀው የደቂቃዎች ሥራ ነበር።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ድረ ገጽም ሆነ የስልክ መልእክት ዓይን ከሚያየው መልክ ሥር የተቀመጠ ጽሑፍ አለው። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም ያንን ጽሑፍ አንሥቶ በድምፅ ያነባል፣ ወይም ወደ ብሬይል መሣሪያ ይልካል። ምስል ውስጥ የተሣለ ፊደል ለሰው ዓይን ፊደል ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው። ፕሮግራሞቹ ራሳቸው እንደ ቀድሞው ውድ አይደሉም። ማይክል ከረን እና ጄምስ ቴህ የተባሉ ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያዳበሩት ኤንቪዲኤ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ከስማርት ስልኮች ጋር አብሮ የሚመጣውም ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

ለአማርኛ አንባቢ ግን ተጨማሪ መሰናክል ነበረ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተነሣም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር የሚጻፈው የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በመደረብ ነበር። ዓይን «ሰላም» ብሎ ያነባል፤ ከሥሩ የተመዘገበው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅይጥ ነው። በእነዚያ አሮጌ ፎንቶች ተጽፎ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ የኤግዚቢሽን መግለጫ ወይም የቴአትር ፕሮግራም ለዓይን ሲያምር ለጆሮ ኳኳታ ይሆናል። ወረቀት ላይ ታትሞ ከዚያ በስካነር የተነሣው ደግሞ ጭራሽ ጽሑፍ የለውም።

በሌላ በኩል የአማርኛ ድምፅ የለም የሚለው ምክንያት ዛሬ አያስኬድም። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ድምፁ የማሽን ቢሆንም፣ አማርኛ ያነባል። ማይክሮሶፍት ደግሞ «መቅደስ» እና «አምሀ» ብሎ የሰየማቸው፣ ለሰው ድምፅ የቀረቡ የሴትና የወንድ የአማርኛ ድምፆች አሉት። ድምፆቹ እንዲያነቡ ግን ገጹ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን በኮዱ ውስጥ መናገር አለበት። ይህ አንድ አጭር ምልክት ካልተጻፈ ፕሮግራሙ የአማርኛውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ይሞክራል፣ ወይም ዘሎት ያልፋል።

ድረ ገጾች ምን ማሟላት እንዳለባቸው የሚናገረው ዓለም አቀፍ መመሪያ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በ2023 የወጣው እትሙ 2.2 ይባላል። ብዙ ገጽ ያለው ሰነድ ቢሆንም ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ለማንም ግልጽ ናቸው። ምስል መግለጫ ይኑረው፤ ቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው፤ ማውዝ መያዝ የማይችል ሰው በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ትኬት መቁረጥ ይቻለው። የፊደሉና የመደቡ የብርሃን ልዩነት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው፤ ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ ግን 1.07 ለ1 ብቻ ስለሆነ ዓይኑ የደከመ ሰው ባዶ ወረቀት የሚያይ ያህል ነው። መመሪያውን ማክበር ላይ ግን ዓለም ገና ሩቅ ነው። ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ብዙ ጎብኚ ያላቸውን የ1 ሚሊዮን ድረ ገጾች መግቢያ ገጽ ሲፈትሽ 95.9 በመቶው ላይ ጉድለት አግኝቷል። 81 በመቶው ላይ ፊደሉ ከመደቡ በቂ ልዩነት አልነበረውም፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ደግሞ መግለጫ የሌላቸው ምስሎች ተገኝተዋል።

ይህን ጉድለት አንድ ቁልፍ ተጭኖ መድፈን ይቻላል የሚሉ ሻጮችም አልጠፉም። አክሰሲቢ የተባለው ኩባንያ ምርቱ ማንኛውንም ድረ ገጽ በራሱ ከመመሪያው ጋር እንደሚያጣጥም ያስተዋውቅ ነበር። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ማስታወቂያው አሳሳች ነው በማለት ኩባንያው 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፍል አስታውቋል። ምስሉን አይቶ ምን እንደሆነ በሰው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው አሁንም ያስፈልጋል።

ያንን ሰው በቁም ነገር ካሠሩት ቦታዎች አንዱ የቺካጎ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ኮዮቲ በተባለው ፕሮጀክቱ፣ ሲና ባህራም ከተባለ ዓይነ ስውር የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር ሆኖ፣ በድረ ገጹ ላይ ያሉትን ምስሎች ሠራተኞቹ በቃላት እንዲገልጹ አደረገ። ጽሑፉ ጥበብ እንደሚጠይቅ ለመረዳት አዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል ማሰብ ይበቃል። «የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ» ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት አይደለም፤ ለማያየው ሰው ግን ምንም አልተነገረውም። በ150 ካሬ ሜትር ላይ ሦስት መስኮቶች እንዳሉ፣ አንደኛው በቀይ፣ አንደኛው በአረንጓዴ፣ መካከለኛው በቢጫ እንደሚያበራ፣ በመካከለኛው ላይ ችቦ የያዘ ቤተሰብ ወደ ፊት ሲራመድ እንደሚታይ ሲነገረው ሥዕሉ ፊቱ ይቆማል።

ከስልኩ ወደ አዳራሹ ሲገባ ታሪኩ ወደ ዋሽንግተን ይወስዳል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባት ከተማ። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ አሪና ስቴጅ የሚባል ቴአትር ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካ የመልሶ ማቋቋም ሕግ፣ በአንቀጽ 504፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም ተቋም አካል ጉዳተኞችን እንዳያገል ያስገድዳል። ሕጉ የሚተገበርበት ደንብ ለዓመታት ሳይፈረም ስለቆየ በ1977 ከመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመንግሥት ሕንጻ ይዘው ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀምጠዋል። ደንቡ የተፈረመው እነሱ እዚያው እንዳሉ ነው። ቴአትር ቤቶች ስለ ጆሮ ማዳመጫና ስለ መወጣጫ መምከር የጀመሩት በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው።

አሪና ስቴጅም መስማት ለሚያዳግታቸው ተመልካቾች የመድረኩን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ የሚያደርስ መሣሪያ ለመትከል ሰዎችን ሰብስቦ ማማከር ጀመረ። ከተሰበሰቡት መካከል ቼት ኤቨሪ የሚባል፣ በትምህርት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ዓይነ ስውር ነበር። መሣሪያው ለጆሮ የታሰበ ቢሆንም ኤቨሪ ሌላ ነገር ታየው። ተዋንያኑ ዝም በሚሉበት ጊዜ፣ በዚያው ማዳመጫ፣ መድረኩ ላይ የሚሆነውን ቢነግሩንስ ሲል ጠየቀ። በስብሰባው ላይ የነበረችው፣ ለዓይነ ስውራን ጋዜጣና መጽሔት በሬዲዮ የሚያነብ ድርጅት የምትመራው ማርጋሬት ሮክዌልም ዓይነ ስውር ነበረች፤ ሐሳቡን ይዛ ኮዲ ፋንስቲል ከተባለ ሰው ጋር ሥራ አደረገችው። በ1981 የበርናርድ ሾው «ሜጀር ባርባራ» ተውኔት በአሪና ስቴጅ ሲታይ ተራኪ ለዓይነ ስውራን ታዳሚዎች ትዕይንቱን በቀጥታ ገለጸ።

የድምፅ ገለጻ የሚባለው ሙያ መልክ የያዘው በዚህ ነው። ሕጎቹ ጥብቅ ናቸው። ተራኪው ያየውን ይናገራል፤ የተሰማውን አይናገርም። «ተናዳለች» አይልም፤ «ደብዳቤውን ቀደደችው» ይላል፤ ንዴቱን አድማጩ ራሱ ይደርስበታል። የተዋናዩን ቃል አይሻማም። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ስለ መድረኩ አሠራር፣ ስለ አልባሳቱ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ መልክ አስቀድሞ ይነግራል። አንዳንድ ቴአትር ቤቶችም ታዳሚዎቹን ቀደም ብለው አስገብተው ወንበሩን፣ ጎራዴውን፣ የልብሱን ጥልፍ በእጃቸው እንዲዳስሱ ያደርጋሉ።

አማርኛ ለዚህ ሙያ የተመቸ ቋንቋ ነው። በሁለት ንግግሮች መካከል ያለው ዝምታ አንዳንዴ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። «ገፈተረችው» የሚለው አንድ ቃል ማን ማንን እንደገፈተረ፣ ገፍታሪዋ ሴት፣ ተገፍታሪው ወንድ መሆኑን ጨርሶ ይናገራል። ልምዱም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ አገር ያዳመጠው በጆሮው ነው፤ ያኔ ሬዲዮው ፊት የተቀመጠ ዓይነ ስውርና የሚያይ ጎረቤቱ እኩል ነበሩ። ደምሴ ዳምጤ እግር ኳስ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ የኳሷን መንገድ፣ የተጫዋቹን ሩጫ፣ የደጋፊውን ሁኔታ በአንድ ትንፋሽ ለማያይ ሕዝብ ያደርስ ነበር። ይህን ችሎታ ይዞ ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር አዳራሽ ጥግ ላይ ቁጭ የሚል ተራኪ፣ አነስተኛ ማሠራጫና ጥቂት ማዳመጫዎች ቢኖሩ ሥራው ይጀመራል። ለዚህ ማነቆው የሰው እጦት ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሙዚየም ደግሞ ሌላ ክልከላ አለው፤ «አይንኩ» የሚል። አልዶ ግራሲኒና ዳንኤላ ቦቴጎኒ የተባሉ ዓይነ ስውራን ጣሊያናውያን ባልና ሚስት መጓዝ ይወዱ ነበር። በየሄዱበት ሙዚየም ግን ሐውልቱ ፊት ቆመው ከመመለስ በቀር ምንም አያገኙም። በሚኖሩባት በአንኮና ሁሉም ነገር በእጅ የሚዳሰስበት ሙዚየም እንዲከፈት ወተወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ተከፈተ። ስሙን ያገኘው ዓይነ ስውር እንደነበር ከሚነገርለት የግሪክ ባለቅኔ ከሆሜር ነው። በ1999 የጣሊያን መንግሥት ብሔራዊ ሙዚየም አደረገው። የታላላቅ ሐውልቶች ቅጂዎችና እንደ ፓንቴዮን ያሉ ሕንጻዎች ሞዴሎች አሉበት። ዕውቅ ሕንጻን በሞዴል መዳሰስ ለዓይነ ስውር ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ የሚያየውም ሰው ባንድ ጊዜ ሊያየው የማይችለውን ሙሉ ቅርጽ እጁ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ላሊበላን ማንሣት ግድ ነው። ከአለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ቀርጿቸዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ጋ የሚቆም ጎብኚ መጀመሪያ የሚደነቀው ከላይ ሆኖ የመስቀሉን ቅርጽ ወደ ታች ሲያይ ነው። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ግድግዳውን የሚዳስስ ዓይነ ስውር ምእመን ድንጋዩን ያገኛል፤ መስቀሉን ግን አያገኝም። እንዲህ ያለ ልኬት ባለበት በእጅ የሚታቀፍ ሞዴል ማውጣት ዛሬ የማይቻል ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለው ሞዴል በየሙዚየሙና በሰበታ መርሐ ዕውራን ዓይነት ትምህርት ቤቶች ቢቀመጥ ልጆች የአገራቸውን ትልቅ ሥራ በሰው ወሬ ሳይሆን በእጃቸው ያውቁታል።

መስማት ለተሳናቸው ጉዳዩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከአማርኛ የተለየ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። የጣት ፊደሉ ግን የግዕዝን ሥርዓት ይዞ የተሠራ ነው፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች ይለያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ሙያተኛ አለ። ቴአትር ቤቶች የሚሳሳቱት አስተርጓሚውን በመጨረሻው ቀን ጠርተው ከመድረኩ ጥግ፣ ከጨለማው ውስጥ ሲያቆሙት ነው። አስተርጓሚ ተውኔቱን ቀድሞ ማንበብ፣ ልምምዱን ማየት፣ መብራት ማግኘት ይኖርበታል፤ ረጅም ተውኔት ላይም ሁለት ሆነው ይፈራረቃሉ። ታዳሚው አስተርጓሚውንና ተዋንያኑን ባንድ ዕይታ እንዲያይ መቀመጫው በዚያው በኩል ሊያዝለት ይገባል።

ፊልም ላይ ያለው ነገር የበለጠ ያሳዝናል። የአማርኛ ፊልም ወደ ውጭ ፌስቲቫል ሲሄድ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ይዘጋጅለታል፤ እንዲያ ካልሆነ አይታይምና። ያው ፊልም አዲስ አበባ ሲታይ ግን ብዙውን ጊዜ የአማርኛ ጽሑፍ የለውም። ንግግሩ በሙሉ ተጽፎ፣ በሰከንድ ተለክቶ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው በአማርኛው መልሶ ማስቀመጥ ነው። ለማያውቁት የውጭ ዳኞች የተደረገው ለአገሩ ልጅ ያልተደረገው ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ያሰበበት ሰው ጠፍቶ ነው።

እነማንና ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ አቆጣጠሩ ይለያያል። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ በኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ከመቶ 1 ጥቂት ከፍ የሚሉ መሆናቸውን መዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ግን 17.6 በመቶ ይላል። ልዩነቱ የመጣው ከጥያቄው ነው። ቆጣሪው በር አንኳኩቶ ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ሲል ብዙ ቤተሰብ የለም ይላል። ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ምን ያህል ያስቸግርሃል ተብሎ ሲጠየቅ ግን አያትየው፣ እናትየው፣ ጆሮው የደከመው አባወራ ሁሉ ይቆጠራሉ። አዳራሽ ባለቤቶች «እንዲህ ዓይነት ታዳሚ የለንም» ሲሉ የሚናገሩት የመጀመሪያውን ቁጥር ይዘው ነው። መግቢያው ያልተመቸው ሰው ስላልመጣ እንደሌለ ተቆጥሯል።

አሁን ደረጃው ጋ ተደርሷል። ሕጉ ግልጽ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624፣ በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 ቴአትርን፣ ሙዚየምን፣ ሲኒማንና ቤተ መጻሕፍትን በስም ጠርቶ ተደራሽ ይሁኑ ይላል።

አሠሪዎች የሚሰናከሉት ስሌቱ ላይ ነው። የአሜሪካ መመሪያ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይጠይቃል። እያንዳንዳቸው 17 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 51 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ መወጣጫው እንግዲህ 6 ሜትር ከ12 ሴንቲ ሜትር መርዘም አለበት። ሕንጻው ካለቀ በኋላ ይህን ያህል ቦታ ከደጁ ስለማይገኝ በሁለት ሜትር ውስጥ ሲሚንቶ ይፈስስና ሽቅብ የቆመ ነገር ይሠራል። ለፎቶ መወጣጫ ይመስላል። በወንበር የሚመጣ ሰው ግን ወደ ኋላ የሚገለበጥበት ስለሆነ አይሞክረውም። ለዚህ ነው መወጣጫው ከሕንጻው ጋር በወረቀት ላይ መነደፍ ያለበት።

የቅርስ ሕንጻ ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን ስብስቡ ያለው በላይኞቹ ፎቆች ላይ ነው። ቤተ መንግሥት ሲሠራ ማንም በተሽከርካሪ ወንበር ይመጣል ብሎ አላሰበም። አቴንስም እንዲሁ ነበረች። አክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ የቆመ የ2,500 ዓመት ቅርስ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020፣ በዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ በሰሜን ገደሉ በኩል አዲስ አሳንሰር ተመርቆለታል። አሳንሰር ከገደል ጋር ማስማማት ከተቻለ፣ የሌሎች አሮጌ ቤቶች ጉዳይም በጥናት የሚፈታ ነው። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ የላይኛውን ፎቅ በምድር ቤት በቪዲዮና በሚዳሰሱ ቅጂዎች ማሳየት ይቻላል፤ እሱም ቢሆን ጊዜያዊ መሆኑ ሳይረሳ።

ሕንጻ መቀየር የማይጠይቅ ማመቻቸትም አለ፤ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ከጨለማና ከድንገተኛ ጩኸት የተላቀቀ ዝግጅት ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ «ዘ ላየን ኪንግ» ለእነሱ ሲቀርብ ድምፁ ቀንሶ፣ መብራቱ ለስልሶ፣ ልጆች ተነሥተው መውጣትና መግባት እንዲችሉ ተደርጎ ነበር። ለወላጆች ትልቁ ነገር ልጃቸው ቢጮህ ማንም ዞሮ እንደማያያቸው አስቀድመው ማወቃቸው ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ታዳሚው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን አካል ጉዳተኞች የራሳቸውን የፈጠራ ችሎታ እንዲያወጡም ይላል። ሴሌስት ዳንዴከር የተባለች እንግሊዛዊት ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1973 መድረክ ላይ ወድቃ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለች። በ1991 ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ካንዱኮ የተባለውን፣ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው አብረው የሚደንሱበትን ቡድን መሠረተች። ቤንጃሚን በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በጎዳና ካደጉ ወጣቶች ከተቋቋመው ከአዱኛ የዳንስ ቡድን ጋር ሠራ። ከዚያም አዱኛ ፖቴንሻልስ የተባለ፣ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሚደንሱበት ቡድን ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ከሆነ ከሃያ ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፏል፤ የአገሪቱ አዳራሾች ግን አሁንም በብዛት የሚታነጹት አካል ጉዳተኛው ከመጣ ከታዳሚው ወገን ነው በሚል ግምት ነው።

ግምቱ በሀብታም አገርም አለ። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 አሊ ስትሮከር ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የቴአትር ሽልማት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ተዋናይት ሆነች። ሥነ ሥርዓቱ በተካሄደበት በኒው ዮርኩ ራዲዮ ሲቲ አዳራሽ ከታዳሚው መቀመጫ ወደ መድረኩ የሚያወጣ መወጣጫ ስላልነበረ፣ ሌሎቹ ዕጩዎች ከወንበራቸው ተነሥተው ሲወጡ እሷ ስሟ እስኪጠራ ከመድረኩ ጀርባ ነበረች። ቴአትር ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ መሐንዲስ ንድፉ ላይ ሊያሰፍራቸው የሚገቡት እነዚህም ናቸው፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ደረጃ የሌለው መንገድ፣ ወንበር ገብቶ የሚዞርበት መጸዳጃ ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ወደ መድረኩ የሚያወጣ ለስላሳ ተዳፋት፣ ከታዳሚው ወገንም አንድ ሌላ።